ለሕንድ ተማሪ የትኛው የትምህርት ብድር ይሻላል? በአገር ቤትና በውጭ ለመማር ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ከመንግሥት ባንክ የመጣ ነው፤ ወለዱ 9.5 በመቶ ነው፣ ነገር ግን የቤት ካርታ ይጠይቃል። ሌላው ከአንድ ባንክ ያልሆነ የግል አበዳሪ ተቋም የመጣ ነው፤ ወለዱ 12 በመቶ ነው፣ መያዣ አይጠይቅም፣ ገንዘቡንም የመንግሥት ባንኩ የካርታውን ሕጋዊነት መርምሮ ከመጨረሱ በፊት ይለቃል። ሙምባይም ሆነ ሃይደራባድ ልጁን ለማስተማር የሚበደር ቤተሰብ የሚፋጠጠው እንዲህ ካለ ምርጫ ጋር ነው። አብዛኛው ሰው 9.5ን ከ12 ጋር አስተያይቶ ይወስናል። መቶኛው ግን መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእሱ የሚቀድሙ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ላክ መቶ ሺህ፣ ክሮር ደግሞ አሥር ሚሊዮን ነው።

መመዘኛዎቹ

አንደኛው፣ ተማሪው ሥራ ባያገኝ ዕዳው ከማን ይወሰዳል የሚለው ነው። በሕንድ ባንኮች አሠራር ተማሪ ብቻውን አይበደርም፤ አባት፣ እናት ወይም የትዳር ጓደኛ አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ይፈርማል። አብሮ ተበዳሪ ማለት ዕዳው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የራሱ የሆነ ሰው ነው። ክፍያ ሲዘገይ የልጁ ብቻ ሳይሆን የአባትየውም የብድር ታሪክ ነጥብ፣ ሕንዶች በአጭሩ ሲቢል የሚሉት፣ አብሮ ይወርዳል። በዚህ ላይ ቤት ወይም መሬት በመያዣነት ከገባ የሚያጡት ነገር በወለድ መጠን አይለካም። ስለዚህ መያዣ የሌለው ውድ ብድርና መያዣ ያለው ርካሽ ብድር አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ዋጋ አይደሉም።

ሁለተኛው፣ ክፍያ በሚጀመርበት ቀን ዕዳው ስንት ሆኖ ይጠብቃል የሚለው ነው። በእፎይታው ጊዜ፣ ማለትም ክፍያ ገና በማይጠየቅበት ወቅት፣ ወለዱ አያርፍም። የሕንድ ባንኮች ማኅበር ለባንኮች ባወጣው የትምህርት ብድር ሞዴል መሠረት በትምህርትና በእፎይታ ጊዜ የሚታሰበው ነጠላ ወለድ ነው፤ ወለዱ ራሱ ወለድ አይወልድም። የእፎይታው ጊዜ ሲያልቅ ግን የተጠራቀመው ሁሉ ዋናው ላይ ይደመራል።

በቁጥር እንየው። አንድ የምህንድስና ተማሪ ለአራት ዓመት 10 ላክ በ10 በመቶ ተበደረ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ 2.5 ላክ ይለቀቅለታል። የእፎይታው ጊዜ አራቱ የትምህርት ዓመታትና ተጨማሪ አንድ ዓመት ነው። የመጀመሪያው 2.5 ላክ በአምስት ዓመት 1.25 ላክ ወለድ ያመጣል፤ ሁለተኛው 1 ላክ፣ ሦስተኛው 75 ሺህ፣ አራተኛው 50 ሺህ። ድምሩ 3.5 ላክ ነው። ክፍያ ሲጀመር ዕዳው 13.5 ላክ ሆኗል፤ በአሥር ዓመት ለመጨረስ በወር 17,840 ሩፒ ገደማ ይከፈላል። ቤተሰቡ ወለዱን በየወሩ እየከፈለ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ወርሃዊው ክፍያ 13,215 ይሆን ነበር። የ4,625 ሩፒ ልዩነት በ120 ወር 5.55 ላክ ይደርሳል። 3.5 ላኩን በጊዜው ከፍሎ 5.55 ላክ መቆጠብ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ባንኮች ወለዱን በትምህርት ጊዜ ለሚከፍል ሰው እስከ 1 በመቶ ቅናሽ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው፣ ተለዋዋጭ የሆነው ወለድ ከምን ጋር ታስሯል የሚለው ነው። ከጥቅምት 2019 ወዲህ ባንኮች ለግለሰብ የሚሰጡትን አዲስ ተለዋዋጭ ወለድ ከውጭ መለኪያ ጋር፣ በተለይ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከሆነው ከሪዘርቭ ባንክ የሪፖ ተመን (ለባንኮች ሲያበድር ከሚያስከፍለው ወለድ) ጋር፣ ማሰር ግዴታቸው ነው፤ ተመኑም ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ይከለሳል። በ2025 ሪፖ ከ6.50 ወደ 5.25 በመቶ ሲወርድ የባንክ ተበዳሪዎች ቅናሹን ብዙም ሳይቆዩ አገኙ። ባንክ ያልሆኑ አበዳሪዎች በዚህ ግዴታ ሥር አይደሉም፤ ወለዳቸውን የሚያስሩት ራሳቸው ከሚወስኑት የውስጥ ተመን ጋር ነው። ዛሬ የ1 በመቶ ልዩነት የሚመስለው ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ 2 በመቶ ሊሆን የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራተኛው የገንዘቡ ዓይነት ነው። በሩፒ ተበድሮ ዶላር የሚያገኝ ሰው ሩፒ በተዳከመ ቁጥር ዕዳው ይቀልለታል። በዶላር ተበድሮ ወደ ሕንድ የሚመለስ ሰው ግን የወለዱ 12 በመቶ ሳያንስ ሩፒው በዓመት 3 ወይም 4 በመቶ ቢወድቅ፣ በተግባር 15 እና 16 በመቶ ይከፍላል። ከዚህ በተለየ ደግሞ ገና በትምህርት ላይ እያሉ የሚያጋጥም ጉድለት አለ። አንድ ዶላር 83 ሩፒ በነበረበት በ2024 መጀመሪያ ለ40,000 ዶላር ክፍያ 33.2 ላክ ያስፈቀደ ተማሪ፣ ዶላር በታኅሣሥ 2025 ከ90 ሲያልፍ ለዚያው ክፍያ 36 ላክ ያስፈልገው ነበር። የጎደለውን 2.8 ላክ ባንኩ በራሱ አይሞላም። ወጪ ሲሰላ ከአሥር በመቶ ያላነሰ መጠባበቂያ መጨመርና ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ ጣሪያ ማስፈቀድ ይበጃል፤ ወለድ የሚታሰበው በተለቀቀው ገንዘብ ላይ እንጂ በተፈቀደው ጣሪያ ላይ አይደለም።

አምስተኛው ጊዜ ነው። የውጭ ተማሪ ብድሩ ከቪዛ በፊት መድረስ አለበት፤ ጀርመን በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ሒሳብ) 11,904 ዩሮ፣ ካናዳ ከመስከረም 2025 ወዲህ 22,895 የካናዳ ዶላር ማስረጃ ይጠይቃሉ። ለእነዚህ የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ከቪዛ በፊት ገንዘብ ትለቃላችሁ ወይ የሚለው ጥያቄ ባንኩ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቅ ነው።

በአገር ቤት ለሚማር

*የሞዴሉ ብድር።* የሕንድ ባንኮች ማኅበር በ2001 ያወጣውና በየጊዜው የሚያሻሽለው ሞዴል የመንግሥት ባንኮች ሁሉ መነሻ ነው። እስከ 4 ላክ ድረስ መያዣም ሆነ የራስ መዋጮ የለም። ከዚያ በላይ ተማሪው በአገር ውስጥ ከወጪው 5 በመቶ፣ በውጭ 15 በመቶ ራሱ ያዋጣል። መዋጮው ባንድ ጊዜ አይጠየቅም፤ ገንዘብ በተለቀቀ ቁጥር በድርሻው ይከፈላል፣ ስኮላርሺፕም ከመዋጮው ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ መዋጮ ለማሟላት ሌላ ብድር ውስጥ ሲገባ ይታያል።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት የዋስትና ፈንድ እስከ 7.5 ላክ ያለውን ብድር 75 በመቶ ስለሚሸፍን፣ በዚህ ሥር የሚሰጥ ብድር መያዣም ሦስተኛ ወገን ዋስም አይጠይቅም። ቅርንጫፉ ግን ለ6 ላክ ካርታ አምጡ ሊል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ብድሩ በዋስትና ፈንዱ ሥር እንዲታይ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ማመልከቻን የመከልከል ሥልጣንም የቅርንጫፉ ብቻ አይደለም፤ የበላዩ አካል ሊስማማበት ይገባል። ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ፋይሉን ከቅርንጫፉ በላይ ያወጣዋል። ባንኩ ለቅሬታ በ30 ቀን መልስ ካልሰጠ የሪዘርቭ ባንክ እንባ ጠባቂ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይመለከታል።

የመክፈያው ጊዜ እስከ 15 ዓመት ነው። ተማሪው ትምህርቱን በሰዓቱ ካልጨረሰ እስከ ሁለት ዓመት ማራዘም ይቻላል፤ ይህ ግን ሲጠየቅ ብቻ የሚሰጥ ነው። የወደቀ ተማሪ ዝም ካለ የክፍያው ሰሌዳ በቀድሞው ቀን ይጀምራል፤ ሦስት ወር ካለፈ ብድሩ በተበላሸ ብድርነት ይመዘገባል።

*ፒኤም ቪድያላክሽሚ።* ካቢኔው በኅዳር 2024 ያጸደቀው ይህ ፕሮግራም ተማሪውን ሳይሆን መጀመሪያ የሚመዝነው ትምህርት ቤቱን ነው። ኤንአይአርኤፍ በሚባለው ብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ደረጃ በአጠቃላይ፣ በዘርፍ ወይም በትምህርት ዓይነት ከ1 እስከ 100 ያሉ ተቋማት፣ ከ101 እስከ 200 ያሉ የክልል መንግሥት ተቋማትና በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ያሉ ተቋማት ይገቡበታል፤ ሲጀመር ዝርዝሩ 860 ተቋማት ነበሩት። ብድሩ መያዣም ዋስም አይጠይቅም። እስከ 7.5 ላክ ያለውን መንግሥት 75 በመቶ ዋስ ይሆናል። የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ እስከ 8 ላክ ከሆነ ደግሞ እስከ 10 ላክ በሚደርስ ብድር ላይ በእፎይታው ጊዜ 3 በመቶ ወለድ መንግሥት ይከፍላል፤ ይህ ግን በዓመት ለመቶ ሺህ ተማሪ ብቻ ነው። ገቢው እስከ 4.5 ላክ የሆነና የሙያ ወይም የቴክኒክ ትምህርት የሚማር ተማሪ በ2009 በተጀመረው ሌላ ፕሮግራም የእፎይታውን ጊዜ ወለድ ሙሉ በሙሉ ይተዉለታል።

ልብ መባል ያለበት፣ ብድሩና የወለዱ ድጎማ ሁለት ጥያቄዎች መሆናቸው ነው። ብድር ያገኘ ሁሉ ድጎማ አያገኝም፤ ለድጎማው የክልሉ ሥልጣን ያለው ባለሥልጣን የሰጠው የገቢ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ የአባት የደመወዝ ወረቀት አይተካውም። ከትምህርቱ ያቋረጠ ወይም የተባረረ ተማሪ ድጎማውን ያጣል። ሌላ የመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚያገኝም አይገባበትም። በውጤት ወይም በፈተና ሳይሆን በማኔጅመንት ኮታ፣ ማለትም ኮሌጁ ራሱ በሚሰጠው ቦታ፣ የገባ ተማሪ በዚህ በር አያልፍም። በውጭ አገር ለመማርም አይሆንም።

*የክልሎች የተማሪ ካርድ።* ያለው በጥቂት ክልሎች ብቻ ቢሆንም ለነዋሪዎቻቸው ከሁሉም የሚቀል ነው። ቢሃር በጥቅምት 2016 የጀመረው እስከ 4 ላክ ይሰጣል፤ በመስከረም 2025 የክልሉ መንግሥት ወለዱን ለሁሉም እንዳነሳ አስታውቋል። ምዕራብ ቤንጋል ከሰኔ 2021 ጀምሮ እስከ 10 ላክ በ4 በመቶ ነጠላ ወለድ ይሰጣል፤ ተማሪው እስከ 40 ዓመቱ ማመልከት ይችላል፣ ለውጭ ትምህርትም ይሆናል። ጃርክሃንድ ደግሞ እስከ 15 ላክ በ4 በመቶ አለው። በ4 በመቶ የሚበደር ሰው ስለ ሌላ ብድር ማንበቡን እዚህ ላይ ቢያቆም አልተሳሳተም፤ የሚቀረው የነዋሪነት ወረቀት ማሟላትና ባንኩ እስኪፈርም መታገሥ ነው። ትዕግሥቱ ቀላል አይደለም፤ ክልሉ ዋስ ቢሆንም ገንዘቡን የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ባንኮች ናቸውና።

ወደ ውጭ ለሚሄድ

እዚህ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ገንዘቡ በአራት እጥፍ ያድጋል፣ የመንግሥት ድጎማ የለም ማለት ይቻላል። ለአናሳ ሃይማኖት ተማሪዎች የውጭ ትምህርት ወለድ ይደጎምበት የነበረው ፓድሆ ፓርዴሽ በ2022 ተቋርጧል፤ አንዳንድ ደላሎች አሁንም በስሙ ፎርም ያስሞላሉ።

*መያዣ ያለው የመንግሥት ባንክ ብድር።* እስከ 1.5 ክሮርና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ወለዱ ከአማራጮቹ ዝቅተኛው ነው፣ መክፈያው 15 ዓመት ነው። ለሴት ተማሪ ብዙዎቹ ግማሽ በመቶ ይቀንሳሉ። ችግሩ መያዣው ነው። ባንኩ ጠበቃ ልኮ የባለቤትነቱን ሰንሰለት ወደ ኋላ እስከ 30 ዓመት ሊመረምር ይችላል፤ መሐንዲስ ልኮ ዋጋ ያስገምታል። ፋይሎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው፦ የእርሻ መሬት ሆኖ ወደ ሌላ አገልግሎት ያልተዛወረ፤ በወንድማማቾች ስም ሆኖ አንዱ ያልፈረመ፤ አያት ሞተው ስሙ ወደ ወራሽ ያልዞረ፤ በመንደር ምክር ቤት ወረቀት ብቻ የተያዘ ቤት፤ ከጸደቀው ፕላን በላይ የተጨመረ ፎቅ። እነዚህን ማስተካከል ወራት ይወስዳል። መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ የቤቱን ወረቀት ጥር ላይ ማየት አለበት፤ የመግቢያ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልገውም። ቋሚ የባንክ ተቀማጭ ወይም የሕይወት መድን ፖሊሲ ማስያዝ የሚችል ቤተሰብ ይህን ሁሉ ጣጣ ይዘለዋል።

*ያለ መያዣ፣ በባንኩ ዝርዝር ላይ ላለ ዩኒቨርሲቲ።* ትልልቅ ባንኮች የተመረጡ ተቋማት ዝርዝር አላቸው። በአገር ውስጥ እንደ አይአይቲ (ቴክኖሎጂ) እና አይአይኤም (ማኔጅመንት) ላሉ ስመ ጥር ተቋማት 40 ላክና ከዚያ በላይ ያለ መያዣ ይሰጣሉ፤ ለውጭም ተመሳሳይ ዝርዝር ያላቸው አሉ። ዝርዝሩ ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ አንዱ የማያውቀውን ዩኒቨርሲቲ ሌላው በአንደኛ ደረጃ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ መያዣ የሌለው ሰው ወደ ግል አበዳሪ ከመሄዱ በፊት የሦስት አራት ባንክ ዝርዝር ይይ።

*ባንክ ያልሆኑ አበዳሪዎች።* ክሬዲላ፣ አቫንሴ፣ አውክሲሎና ኢንክሬድ በዚህ ዘርፍ የታወቁ ስሞች ናቸው። ፍጥነታቸው እውነት ነው፤ ፋይሉ የተሟላ ከሆነ ፈቃድ በቀናት ይደርሳል። የሚመዝኑት የተማሪውን ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲውንና የትምህርቱን የሥራ ዕድል፣ እንዲሁም የአብሮ ተበዳሪውን ገቢ ነው። የኑሮ ወጪን ጨምሮ መቶ በመቶ ይሸፍናሉ። የሚያስከፍሉት ግን በሦስት ቦታ ነው፤ ከፍ ባለ ወለድ፣ ከብድሩ 1 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ የአገልግሎት ክፍያ፣ እና በትምህርት ጊዜ በሚጠየቅ የወለድ ክፍያ።

40 ላክ በሁለት ዙር ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል እንይ፤ 20 ላክ መጀመሪያ፣ 20 ላክ ከዓመት በኋላ። በመንግሥት ባንክ በ9.5 በመቶ ነጠላ ወለድ፣ ከሦስት ዓመት እፎይታ በኋላ ዕዳው 49.5 ላክ ይሆናል፤ በአሥር ዓመት ሲከፈል ወርሃዊው 64,050 ነው። በግል አበዳሪ በ12 በመቶ፣ ወለዱ በየወሩ ዋናው ላይ እየተደመረ፣ እፎይታው ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆን ዕዳው ስድስት ወር ቀድሞ 50.9 ላክ ይደርሳል፤ ወርሃዊው 73,000 ነው። በ120 ወር ልዩነቱ ከ10 ላክ ይበልጣል። ወለዱ በትምህርት ጊዜ ይከፈል ከተባለ ደግሞ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ዓመት በወር 20,000፣ በሁለተኛው 40,000 ሩፒ ማውጣት አለበት። የአገልግሎት ክፍያው ከነ18 በመቶ ታክሱ በ1 በመቶ ሲሰላ 47,200 ሩፒ ነው፤ ቪዛ ቢከለከል ይመለሳል ወይ የሚለውን ከመፈረም በፊት ይጠይቁ።

*በዶላር የሚያበድሩ።* እንደ ፕሮዲጂና ኤምፓወር ያሉት አብሮ ተበዳሪም መያዣም አይጠይቁም። የሚያዩት ተማሪው ወደፊት የሚያገኘውን ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ የሚያበድሩት በዝርዝራቸው ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነው። የኤምፓወር ወለድ ቋሚ ነው፣ የፕሮዲጂ ተለዋዋጭ። ሁለቱም የመነሻ ክፍያ ከብድሩ ጥቂት በመቶ አስበው ዋናው ላይ ይደምሩታል። ቤተሰቡን ከዕዳ ነጻ ማድረጋቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ከላይ ያነሳነው የዶላር ጣጣ ነው። በተመረቁ ማግሥት ዶላር ማግኘት የቪዛ ጉዳይ ሆኗል። በመስከረም 2025 አሜሪካ በአዳዲስ የኤች-1ቢ (የሠለጠነ የውጭ ሠራተኛ ቪዛ) ማመልከቻዎች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ስትጥል፣ የዶላር ብድርን በአሜሪካ ደመወዝ እከፍላለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ስሌቱ ተናጋ። ያልተያዘ ደመወዝ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሊጠይቅ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ሕንድ አገር የሚማር የውጭ ዜጋ በባንኮቹ ሞዴልም ሆነ በመንግሥት ድጎማው አይስተናገድም፤ አመልካቹ ሕንዳዊ መሆን አለበት። በዶላር የሚያበድሩት ግን የብዙ አገር ተማሪ ይቀበላሉ፤ የተቀባይ አገሮችን ዝርዝር ማየት ነው። ሥርዓቱም ከእኛ ጋር የሚመሳሰል አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2003 ወዲህ ያለው የወጪ መጋራት ከተመራቂው ደመወዝ እየተቀነሰ ለመንግሥት የሚመለስ ነው፤ የአባት ቤት አይያዝበትም።

በአንድ ሰሌዳ

| አማራጭ | ለማን | መያዣ | በትምህርት ጊዜ ወለድ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| የባንኮች ሞዴል፣ እስከ 7.5 ላክ | በአገር ቤት ለሚማር | በዋስትና ፈንድ ሥር የለም | ነጠላ፤ መክፈል ውዴታ | የቅርንጫፍ መጓተት |
| ፒኤም ቪድያላክሽሚ | በዝርዝሩ ላይ ላለ ተቋም | የለም | እንደ ገቢው በከፊል ወይም በሙሉ ይደጎማል | ድጎማው ሳይጠየቅ መቅረት |
| የክልል ካርድ | ለክልሉ ነዋሪ | የለም | 0 ወይም 4 በመቶ | ጣሪያው ዝቅተኛ ነው |
| የመንግሥት ባንክ፣ መያዣ ያለው | ወደ ውጭ፣ ንጹሕ ካርታ ላለው | ቤት፣ ተቀማጭ፣ መድን | ነጠላ፤ መክፈል ውዴታ | ቤቱን ማጣት፣ ጊዜ |
| የባንክ ልዩ ዝርዝር | ለታወቀ ዩኒቨርሲቲ | የለም | ነጠላ | ዝርዝሩ ጠባብ ነው |
| ባንክ ያልሆነ አበዳሪ | ጊዜ ወይም ካርታ ለሌለው | አብዛኛውን ጊዜ የለም | በከፊል ወይም በሙሉ ይከፈላል | ውድ ወለድ፣ የውስጥ ተመን |
| የዶላር አበዳሪ | አብሮ ተበዳሪ ለሌለው | የለም | እንደ ውሉ | የምንዛሪ ለውጥ |

ማን የትኛውን ይውሰድ

የቤተሰብ ገቢው ከ4.5 ላክ በታች ሆኖ በአገር ቤት ሙያ የሚማር ተማሪ ከመንግሥት ባንክ ውጭ ሌላ በር ማንኳኳት የለበትም። በቪድያላክሽሚ ዝርዝር ላይ ለገባ ተማሪም ነገሩ ቀላል ነው።

ከባዱ ጉዳይ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ፣ ክፍያው ግን 12 እና 15 ላክ የሆነ የግል ኮሌጅ ነው። እዚህ ላይ ብድሩን ሳይሆን ኮሌጁን መመርመር ይቀድማል። ኮሌጁ የሚያስተዋውቀውን ከፍተኛውን ደመወዝ ትቶ መካከለኛውን፣ ሥራ ያገኙትንም ከተመራቂው ሁሉ አንጻር ይጠይቁ። ወርሃዊው ክፍያ ከመጀመሪያው የተጣራ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ የሚያልፍ ከሆነ ብድሩ በአባት ጡረታ የሚከፈል ነው ብለው ይቁጠሩት። ከላይ ባየነው የ10 ላክ ብድር በ17,840 ሩፒ ክፍያ ይህ በወር ወደ 54,000 የተጣራ ደመወዝ ማለት ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ለአብዛኛው ተመራቂያቸው ይህን ማሳየት አይችሉም።

ወደ ውጭ የሚሄድና ንጹሕ ካርታ ያለው፣ ሦስት ወር ጊዜም ያለው፣ መያዣ ወዳለው የመንግሥት ባንክ ይሂድ። ጊዜ ያነሰው ግን አንድ መላ አለው፤ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከግል አበዳሪ ወስዶ ቪዛውን ካገኘ በኋላ ቤተሰቡ የካርታውን ምርመራ ጨርሶ ብድሩን ወደ መንግሥት ባንክ ማዛወር ነው። ለግለሰብ በተለዋዋጭ ወለድ የተሰጠ ብድር ቀድሞ ሲዘጋ ቅጣት የለውም። ወጪው የግምት፣ የጠበቃና የመያዣ ምዝገባ ክፍያ ነው፤ 2 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ በ40 ላክ ላይ በአንድ ዓመት ይመለሳል። የሚወስደው ባንክ የዝውውር አገልግሎት እንዳለው ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ወደ ሕንድ ተመልሶ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከዶላር ብድር ይራቅ። አብሮ ተበዳሪ የሌለው፣ ወይም የአባቱ ሲቢል በቀድሞ ዕዳ የተበላሸ ተማሪ ሌላ በር ስለሌለው ዶላሩን ቢወስድ አይፈረድበትም፤ መጠኑን ግን ለትምህርት ክፍያው ብቻ ያድርገው።

በወረቀት ላይ የሚሰናከሉት

ከጥቅምት 2024 ወዲህ በሪዘርቭ ባንክ ቁጥጥር ሥር ያለ ማንኛውም አበዳሪ ከመፈረም በፊት ዋና ዋና ነጥቦችን የያዘ አንድ መግለጫ መስጠት ግዴታው ነው። በመግለጫው ላይ ወለዱ ብቻ ሳይሆን ክፍያዎቹ ሁሉ ተደምረው የሚሰላ ዓመታዊ መቶኛ አለ። ሁለት ብድር የሚነጻጸረው በዚህ ቁጥር እንጂ በማስታወቂያው ቁጥር አይደለም። መድን አብሮ ተሽጦ ከሆነም እዚህ ይታያል። 50 ሺህና 1 ላክ የሚደርስ የመድን ክፍያ ዋናው ላይ ተደምሮ ወለድ ሲታሰብበት ዓመታት ይቆያል፤ አስፈላጊ ከመሰለዎት ከሌላ ኩባንያ ዋጋ ጠይቀው ያወዳድሩ።

የእንግሊዝ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የራሱን ገንዘብ ካሳየ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የብድር ደብዳቤ ካቀረበ ይህ አይመለከተውም፤ ደብዳቤው ግን ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ገንዘቡ ለትምህርት መሆኑንና ከጉዞ በፊት እንደሚደርስ የሚገልጽ መሆን አለበት። ባንኩ የሚያወጣው የተለመደ ደብዳቤ ይህን ቃል ላይይዝ ስለሚችል ቃሉን አስገብቶ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይከፈላል፤ ለቀጣዩ ዙር ያለፈው ዙር ደረሰኝና የሴሚስተሩ ውጤት ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ ወይም የትምህርት ዓይነት የቀየረ ተማሪ አዲስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ሳያሳውቅ የቀየረ ሰው ሁለተኛው ዙር ሲታገድበት ውጭ አገር ሆኖ ይቸገራል።

ግብሩም ቢሆን የአበዳሪውን ምርጫ ይነካል። በ1961ዱ የገቢ ግብር ሕግ ክፍል 80ኢ መሠረት በአሮጌው የግብር ሥርዓት የሚከፍል ሰው የትምህርት ብድር ወለዱን ያለ ጣሪያ ለስምንት ዓመት ከገቢው ይቀንሳል፤ ዋናውን ግን አይቀንስም። ከሚያዝያ 2026 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ቁጥሮቹን ቢቀይርም ሰው የሚጠራው በ80ኢ ነው። አበዳሪው ባንክ ወይም በመንግሥት ማስታወቂያ የታወቀ ተቋም መሆን አለበት፤ የዶላር አበዳሪዎች አይገቡም፣ የግሎቹም ሁሉም አይገቡም። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ለትምህርት ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የሚቆረጠው ቲሲኤስ የሚባለው ቅድሚያ ግብር የቀረውም ገንዘቡ ከእንዲህ ያለ አበዳሪ ከተወሰደ ነው። ስለዚህ የግል አበዳሪ ሲመርጡ በ80ኢ የታወቃችሁ ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ የጥቂት መቶኛ ልዩነት አለው።

ብድሩ ሲያልቅ ባንኩ የካርታውን ዋና ቅጂ በ30 ቀን ውስጥ መመለስና መያዣውን ከመዝገብ ማንሳት አለበት። ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ በባንኩ ጥፋት ለዘገየ ለእያንዳንዱ ቀን 5,000 ሩፒ ካሳ ይከፈላል። ካርታውን ሲረከቡ ገጾቹን ሲሰጡ ከተቀበሉት ዝርዝር ጋር አመሳክረው ይፈርሙ፤ ዕዳ የለም የሚለውን ደብዳቤም ይዘው ይውጡ። ከሁለት ወር በኋላ በልጁም በአባቱም ስም የሲቢል ሪፖርት አውጥተው ብድሩ ተዘግቷል መባሉን ይዩ።